ለጠባብ መታጠቢያ ቤት የትኛው የኤሌክትሪክ ፎጣ ማሞቂያ ይሻላል?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሰሚት አካባቢ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መታጠቢያ ቤታችን 1.6 በ2.2 ሜትር ነው። ሻወሩ መጋረጃ እንጂ መስታወት የለውም፤ ባለ 50 ሊትር ቦይለር አለን፤ አንድ ትንሽ መስኮትም አለችው። ክረምት በገባ ቁጥር ፎጣ ሁለት ሦስት ቀን አይደርቅልንም፣ ይሸታል። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። እህቴ ከሜሪላንድ ልትጠይቀን ስለምትመጣ የኤሌክትሪክ ፎጣ ማሞቂያ ላምጣልሽ ብላኛለች። ታምጣልኝ ወይስ እዚሁ ልግዛ? ስንት ዋት ይበቃል? ቆጣሪ ላይስ ምን ያህል ይጨምርብኛል?»

መልስ፦

ለእህትዎ ዛሬውኑ ይደውሉላትና እንዳትገዛ ይንገሯት። አሜሪካ ውስጥ ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220 ነው። የፎጣ ማሞቂያ በውስጡ ያለው የሚግል ሽቦ ስለሆነ፣ ቮልቱ ሲጨምር የሚስበው ኃይል በቮልቱ ካሬ ያድጋል። 220ን ለ120 አካፍለው ውጤቱን በራሱ ቢያባዙት 3.36 ገደማ ይመጣል። ሜሪላንድ ላይ 140 ዋት የነበረው ዕቃ ሰሚት ላይ ሲሰካ 470 ዋት ይሆናል ማለት ነው። ዕድል ከቀናዎ ውስጡ ያለው የሙቀት ፊውዝ ተቃጥሎ ዕቃው ወዲያው ይሞታል። ካልቀናዎ የሽቦው ሽፋን ይጎዳና እጅዎ የሚነካው ብረት ላይ ኤሌክትሪክ ይመጣል። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር አብሮ መግዛት መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ፤ ወጥ ቤት ላለ መፍጫ ይሁን እንበል፣ ውሃ በሚረጭበት ክፍል ግን ተጨማሪ አደጋ ማስገባት ነው። ዕቃው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ 220–240 ቮልት ካላለ አይምጣ።

ከዱባይ ወይም ከኩዌት የሚመጣው በቮልት በኩል ችግር የለበትም። ችግሩ መሰኪያው ነው። ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው መሰኪያ እኛ ጋ ባለ ሁለት እግር አስማሚ ተደርጎለት ሲሰካ ሦስተኛው መስመር፣ ማለትም ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው ኧርዙ፣ አስማሚው ላይ ተቆርጦ ይቀራል። ዕቃው ይሠራል፣ ይሞቃል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል፤ ሕይወት የሚያተርፈው ሽቦ ግን አልተገናኘም። ከጀርመን የሚመጣው ጎንና ጎኑ ላይ የኧርዝ ማገናኛ ስላለው እዚህ ከምንጠቀምባቸው ሶኬቶች ጋር ይገጥማል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ለእርስዎ ቤት የምመርጠው ከ80 እስከ 120 ዋት የሆነ፣ ውስጡ ፈሳሽ የሌለበት፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ግድግዳ ላይ በቋሚነት የሚታሰር፣ በቀላል ሰዓት መቁጠሪያ የሚዘጋ ማሞቂያ ነው። ከዚያ በፊት ግን ቤትዎ ሦስት ነገሮች ሊኖሩት ይገባል፦ እውነተኛ ኧርዝ፣ ከሻወሩ የራቀ ግድግዳ፣ እርጥበቱ የሚወጣበት መውጫ። ሦስቱ ሳይኖሩ የሚገዛ ማሞቂያ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን፣ አልደግፈውም። ሰው ስለ ዋትና ስለ ቀለም ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ ወደ እነዚህ የምመልሰው ለዚህ ነው።

ከእርጥበቱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በጣም የሚበርደው ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ላይ ነው፤ ያኔ ግን ፎጣ ሰቅለው ቢያድሩ ጠዋት ደረቅ ሆኖ ያገኙታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሌሊቱ ከኅዳር ሞቅ ብሎ ሳለ ፎጣው አይደርቅም። ስለዚህ ጠላትዎ ብርዱ አይደለም፣ አየሩ ውሃ ጠግቦ ተጨማሪ አልቀበል ማለቱ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊይዝ የሚችለው እንፋሎት 17 ግራም ገደማ ብቻ ነው። የእርስዎ መታጠቢያ ቤት ከፍታው 2.6 ሜትር ነው ብንል 9 ሜትር ኩብ አየር አለው። ደረቅ ቢሆን እንኳ በአጠቃላይ የሚይዘው 150 ግራም ያህል ነው። በክረምት ግን አየሩ አስቀድሞ 80 በመቶ ጠግቧል እንበል፤ የቀረው ቦታ 30 ግራም ገደማ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ሰውነቱን ያደረቀበት ፎጣ ደግሞ 200 ግራም ያህል ውሃ በቀላሉ ይይዛል።

እንግዲህ ማሞቂያው ሥራውን በትክክል ሠርቶ ያንን ውሃ ከፎጣው ቢያወጣው ወዴት ይሄዳል? በሩና መስኮቱ ተዘግቶ ከሆነ ቀዝቃዛው ሴራሚክ ላይ፣ መስታወቱ ላይ፣ ኮርኒሱ ጥግ ላይ ያርፋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጥቁር ሻጋታ ይመጣል፤ ሰውም «ማሞቂያው ሻጋታ አመጣብኝ» ይላል። ዲያሜትሩ 100 ሚሊ ሜትር የሆነች ተራ አየር ሳቢ ማራገቢያ በሰዓት 90 ሜትር ኩብ ያህል ታወጣለች፤ የእርስዎን ክፍል አየር በስድስት ደቂቃ ትቀይረዋለች ማለት ነው። የምትበላው ከ15 እስከ 20 ዋት ነው። ገንዘብዎ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ማሞቂያውን ትተው ማራገቢያዋን መስኮቱ ላይ ያስገጥሙ። ይህን የምለው ማሞቂያ ጠልቼ አይደለም፤ ሁለቱን ያስገጠሙ ቤቶች ፎጣቸው በክረምት መካከል እንኳ ደረቅ ሲሆን፣ ማሞቂያ ብቻ የገዙት ግን ደጋግመው ሲያማርሩ ስለማይ ነው። ማራገቢያዋ እንድትስብ አየር የሚገባበትም ያስፈልጋል፦ የመታጠቢያ ቤቱ በር ከሥሩ የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ይኑረው።

ዋቱን ከዚሁ ስሌት ማውጣት ይቻላል። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ከጨርቅ ላይ ለማትነን 0.67 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይጠይቃል። ስለዚህ ለ200 ግራም 0.13 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል። ከማሞቂያው ሙቀት ግማሹ ወደ ፎጣው ሳይሆን ወደ ክፍሉ አየር ይሄዳል ብለን ብናስብ፣ ባለ 100 ዋቱ አንድ ፎጣ በሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ያደርቃል። ሁለት ፎጣ ሳይደራረብ ቢሰቀልበት ከአራት እስከ አምስት ሰዓት። ለአንድ ቤተሰብ ይህ በቂ ነው። 500 ዋት የሆኑት ትልልቆቹ የተሠሩት ለሌላ ዓላማ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ በጥር ወር ክፍሉን ራሱን የሚያሞቁ ናቸው። እርስዎ ክፍል ማሞቅ አልጠየቁኝም። በዚያ ላይ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ አየራችን ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል ስስ ስለሆነ ከብረቱ ላይ ሙቀት የሚወስደው በዝግታ ነው። በመመሪያው ላይ 55 ዲግሪ የተባለው ብረት እዚህ ትንሽ ይበልጥ ሊግል ይችላል። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ዋት ላለመጨመር ተጨማሪ ምክንያት ነው።

ሱቅ ውስጥ እንደ ባልዲ ሆኖ ክዳን ያለው ማሞቂያ ሊያሳዩዎት ይችላሉ። ያማረ ነው፤ ከውሃ ሲወጡ ሞቅ ያለ ፎጣ ይሰጣል። ነገር ግን የተሠራው የደረቀ ፎጣን ለማሞቅ ነው። እርጥብ ፎጣ ከተው ክዳኑን ቢዘጉት ተህዋስያኑን በምቹ ሙቀት እየቀለቡ ነው። ለእርስዎ ችግር አይሆንም።

አሁን ኧርዙ። እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም እርጥብ ሰው፣ ባዶ እግር፣ እርጥብ ሴራሚክና እጅ የሚነካው ብረት አንድ ክፍል ውስጥ የሚገናኙት እዚህ ብቻ ነው። ሶኬቱ ጎን ላይ የኧርዝ ምላስ ስላለው ኧርዝ አለው ማለት አይደለም። ከምላሱ ጀርባ ምንም ሽቦ የሌለባቸው ሶኬቶች በከተማችን ሞልተዋል። ከዚያ የባሰው ደግሞ አለ፦ የኧርዝ መስመር ያልተዘረጋበት ቤት ውስጥ አንዳንድ ሠራተኛ ከኒውትራሉ (ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ሽቦ) አጭር ሽቦ ወስዶ የኧርዙ ምላስ ላይ ያስርልዎታል። ኒውትራሉ ደህና እስከሆነ ድረስ ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። ኒውትራሉ አንድ ቀን ቆጣሪው ጋ ወይም ምሰሶው ላይ ሲላላ ግን በዚያ መስመር ላይ የተሰካ ማንኛውም ዕቃ የብረት አካሉ ሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል። ዕቃው ሳይበላሽ፣ ሽቦ ሳይላጥ፣ ፎጣ ሊያነሳ የዘረጋው እጅ ይያዛል።

ስለዚህ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሲጠሩ ይህን ያድርግልዎ። በመልቲሜትር በፌዙ (ኤሌክትሪኩ በሚመጣበት ሽቦ) እና በኧርዙ መካከል ሲለካ 220 ቮልት አካባቢ መታየት አለበት፤ በኒውትራሉና በኧርዙ መካከል ደግሞ ጥቂት ቮልት ብቻ። ሌላ ዕቃ በመስመሩ ላይ እየሠራ ሳለ ሁለተኛው ልኬት ፍጹም ዜሮ ካሳየ ደስ አይበልዎ፤ ያ አጭር ሽቦ እዚያ ሊኖር ስለሚችል ኃይል ተዘግቶ ሶኬቱ ተፈትቶ በዓይን ይታይ። ኧርዙን ከውሃ ቧንቧ ጋር ላስር የሚልም ካለ አይፍቀዱ። ዛሬ ውሃው የሚመጣው በፕላስቲክ ቧንቧ ነው፤ ከመሬት ጋር አያገናኝም፣ ብረት በሆነበት ቦታም ችግሩን ወደ ጎረቤት ቧንቧ ያሻግራል። ትክክለኛው ኧርዝ ከሕንፃው ሥር ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ተነስቶ በራሱ ሽቦ እስከ ቤትዎ ብሬከር ሣጥን የሚመጣው ነው። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ከሆኑ ይህ የጋራ ጉዳይ ነውና በማኅበራችሁ በኩል አንድ ላይ ብታስፈትሹት ወጪውም ይቀልላል፣ የሁሉም ልጅ ይጠበቃል።

ከኧርዙ ጋር የግድ የሚያስፈልገው 30 ሚሊ አምፔር የሆነ ኧርዝ ሊኬጅ ነው። ብሬከር ሣጥን ውስጥ የሚገጠም፣ መሞከሪያ ቁልፍ ያለበት ነው። በፌዝ የሄደው ኤሌክትሪክ በኒውትራል እኩል መመለሱን ያለማቋረጥ ያነጻጽራል፤ 30 ሚሊ አምፔር ያህል በሰው ወይም በግድግዳ በኩል ካመለጠ ከ0.3 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይዘጋል። ተራው ባለ 16 አምፔር ብሬከር ይህን አያውቀውም፤ እሱ እንዲነሳ ከዚያ ከ500 ጊዜ በላይ የሚበልጥ ኤሌክትሪክ መፍሰስ አለበት። ብሬከር ሽቦን ከመቃጠል ያድናል፣ ሰውን የሚያድነው ኧርዝ ሊኬጁ ነው። ቦይለርዎ ራሱ ያለ እሱ እየሠራ ከሆነ ማሞቂያ ገዙም አልገዙም በዚህ ሳምንት ያስገጥሙት። መሞከሪያ ቁልፉን በወር አንድ ቀን ይጫኑት፤ ካልዘጋ ይቀየር።

ቤትዎ ኧርዝ ሊኖረው ካልቻለ አንድ አማራጭ ይቀራል፦ በድርብ መከላከያ የተሠራ ማሞቂያ። ምልክቱ በካሬ ውስጥ ያለ ካሬ ነው፤ የስም ሰሌዳው ላይ ያገኙታል። እሱ ኧርዝ አይፈልግም፤ ኧርዝ ሊኬጁ ግን ለእሱም አይቀርም። ካሬው ከሌለበት ኧርዝ የግድ ነው፣ ገመዱም ውስጡ ሦስት ሽቦ ሊኖረው ይገባል። ካሬው የሌለበት፣ ገመዱም ሁለት ሽቦ ብቻ የሆነ የብረት ማሞቂያ ካሳዩዎት ሱቁን ለቀው ይውጡ።

ቦታው የት ይሁን? ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ያወጣው ደንብ መታጠቢያ ቤትን በክልል ይከፍላል። እንደ እርስዎ ገንዳ የሌለው ሻወር ከሆነ ከውሃ መውጫው ማዕከል 1.20 ሜትር ዙሪያውን፣ ከወለል እስከ 2.25 ሜትር ከፍታ፣ ውሃ በቀጥታ የሚያገኘው ክልል ነው። መጋረጃ ይህን ክልል አያሳጥረውም፤ ቋሚ ግድግዳ ወይም የተገጠመ መስታወት ብቻ ነው የሚያሳጥረው። ሶኬት እዚያ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። የሻወሩ ራስ ከዳር ግድግዳው 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው ብንል፣ በ2.2 ሜትሩ ርዝመት ላይ 1.6 ሜትር ድረስ በዚህ ክልል ይሸፈናል። የሚተርፍዎት በበሩ በኩል ያለው 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ማሞቂያው የሚሰቀለው እዚያች ግድግዳ ላይ ነው፤ ስፋቱም ከ50 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ደንቡ በቋሚነት የተገናኘና ከርጭት የተጠበቀ የፎጣ ማሞቂያን በዚሁ ክልል ውስጥም አይከለክልም። እኔ ግን በእጅ የሚያዝ ሻወር ባለበት፣ ልጆችም በውሃ በሚጫወቱበት ቤት አላደርገውም። የርጭት መከላከያ ደረጃውን የሚነግርዎት አይፒ ብሎ የሚጀምረው ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው አሃዝ 4 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ 4 ማለት ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃ አያስገባም ማለት ነው።

በበሩ በኩል ያለው ግድግዳ በመታጠቢያ ሳህን ወይም በልብስ ማጠቢያ ማሽን ተይዞ ከሆነ ሳይጨነቁ ከመታጠቢያ ቤቱ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ይስቀሉት። ይህን ስል ደንበኞች ይከፋሉ፤ ፎቶ ላይ ያዩት ሁሉ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነውና። ለኢትዮጵያ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ግን ኮሪደሩ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ውሃው ሩቅ ነው፣ አየሩ ሰፊ ነው፣ ፎጣውም ቶሎ ይደርቃል።

መስመሩን በተመለከተ፣ የእርስዎ ዓይነት ባለ 50 ሊትር ቦይለር አብዛኛውን ጊዜ 1,500 ዋት ነው፤ ወደ 7 አምፔር ይስባል። 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር ካለው፣ 100 ዋቱ ማሞቂያ ግማሽ አምፔር እንኳ ስለማይሞላ ከዚያው መስመር ሊወጣለት ይችላል፤ የሚያያዘው ከመታጠቢያ ቤቱ ውጭ ባለ የሽቦ ማገናኛ ሣጥን ውስጥ፣ ከቦይለሩ ማብሪያ ማጥፊያ በፊት፣ በራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ይሁን። ፌዙንም ኒውትራሉንም አብሮ የሚቆርጥ ማብሪያ ይምረጡ። ውሃ በቅጽበት የሚያሞቁት ባለ 5,500 ዋት ዓይነቶች ካሉዎት ግን ከእነሱ መስመር ምንም አይነካ። በዲቫይደር መሰካት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንደኛው ቱቦው ውስጥ ውሃና በረዶ መከላከያ ኬሚካል ወይም ዘይት የተሞላበት ሲሆን ከታች ያለ ማሞቂያ ዘንግ ያግለዋል። ሙቀቱ ወጥ ነው፤ ነገር ግን ለመሞቅ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፣ ከባድ ነው፣ ማጠንጠኛው ሲደክም ያንጠባጥባል፣ ዘንጉ ሲቃጠልም ትክክለኛውን ቅያሪ ማግኘት ራሱን የቻለ ፍለጋ ነው። ሁለተኛው ደረቁ ነው፤ በቱቦው ውስጥ የሚግል ገመድ ተዘርግቷል፣ ቶሎ ይሞቃል፣ ቀላል ነው። መብራት በሚመጣበትና በሚሄድበት አገር ቶሎ የሚሞቀው ይሻላል፤ ባለችው ሁለት ሰዓት ይሠራልዎታል።

ብረቱ ክሮም የተቀባ ተራ ብረት ከሆነ ቅቡ አንድ ቦታ ሲነሳ ዝገት ከዚያ ይጀምርና ፎጣውን ያበላሻል። ከማይዝጉት ብረቶች 304 የሚባለውን ይፈልጉ። ሻጮች ማግኔት አምጥተው «አይስበውም፣ ስለዚህ 304 ነው» ይላሉ። ማግኔት ርካሹን 201ንም አይስበውም፤ ስለዚህ በዚህ ፈተና አይርኩ፣ ሰሌዳውና መመሪያው ላይ ተጽፎ ይዩት። የሚያብረቀርቀውና በነጭ ቀለም የተቀባው የዋታቸው መጠን እኩል ከሆነ የሚሰጡት ሙቀት እኩል ነው፤ ልዩነቱ፣ የሚያብረቀርቀው ሙቀት በጨረር ብዙም ስለማይለቅ እጅ ላይ ይበልጥ ይፋጃል። ልጆች ስላሉ ነጩን ብመርጥልዎ ይሻላል።

ሱቅ ውስጥ ሳሉ ሃያ ደቂቃ ይሰካልኝ ይበሉና ለመግዛት የፈለጉትን ማሞቂያ አግድም ብረቶች ሁሉ በእጅዎ ጀርባ አንድ በአንድ ይዳስሱ። ከመካከላቸው ሁለቱ ቀዝቃዛ የሆኑ፣ ለጌጥ ብቻ የገቡባቸው ሞዴሎች አሉ። ብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት እጅዎን ከነፎጣው የሚያሳልፍ ይሁን፤ ከጠበበ ሰው ፎጣውን አጣጥፎ ከላይ ይጥለዋል፣ የተጣጠፈ ፎጣ ደግሞ መሐሉ አይደርቅም። በማጣበቂያ ብቻ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉትን አይግዙ።

ሰዓት መቁጠሪያውን ሲመርጡ የመብራት መቋረጥን ያስቡ። በንክኪ የሚሠሩ ዲጂታል ሰሌዳ ያላቸው ብዙዎቹ መብራት ሄዶ ሲመለስ ጠፍተው ይቀራሉ፤ ጠዋት ሲነሱ ፎጣው እርጥብ ነው። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ያለ ቮልትም የሚገድለው በመጀመሪያ ይህንን ሰሌዳ እንጂ የሚግለውን ሽቦ አይደለም። የሚዞረው ባለ 24 ሰዓት መቁጠሪያ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ይቆምና ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በየጊዜው መስተካከል ይፈልጋል። እኔ የምወደው ሲጫኑት ሁለት ወይም አራት ሰዓት ሠርቶ በራሱ የሚዘጋውን ነው። ቮልት ሲወርድም አይደንግጡ፤ 180 ቮልት ላይ ባለ 100 ዋቱ 67 ዋት ገደማ ይሆናል፣ ፎጣው ዘግይቶ ይደርቃል እንጂ ዕቃው አይጎዳም።

ቆጣሪው ላይ የሚያመጣው እንደ አጠቃቀምዎ ነው። 100 ዋት ቀን ከሌት ቢበራ በቀን 2.4፣ በወር 72 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለማነጻጸር፣ 50 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ ቦይለርዎ የሚበላው 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሳይጠፋ የዋለና ያደረ ማሞቂያ በየቀኑ አንድ ተጨማሪ ቦይለር እንደማፍላት ነው። ጠዋት ሦስት፣ ማታ ሦስት ሰዓት ብቻ ቢሠራ ግን በወር 18 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በፍጆታ ደረጃ ከፍ እያለ የሚሄድ በመሆኑ 72ቱ ወደሚቀጥለው ደረጃ ሊያሻግርዎት ይችላል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ሰኔ አካባቢ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግዎትም፤ በረንዳ ላይ ያለው ገመድ ይበቃል።

ለልጆቹ ሲባል ዝቅተኛው የሚሞቅ ብረት ከወለል ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ይህ በዓለም አቀፉ የፎጣ ማሞቂያ ደረጃ ውስጥ ያለ ቁጥር ነው። ልጅ ብረቱን ይዞ መንጠልጠሉ አይቀርም። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ከሆነ ተራ ፊሸር ከጊዜ በኋላ ይነቀላል፤ ለክፍት ብሎኬት የተሠራ፣ ከውስጥ የሚዘረጋ ማሰሪያ ይጠይቁ። ሴራሚኩን ሲበሱ ድሪሉ ሳይመታ እንዲዞር ብቻ ይደረግ፤ ሴራሚኩን አልፎ ብሎኬቱ ጋ ሲደርስ ነው መምታት የሚጀምረው። ከመበሳቱ በፊት የሽቦና የቧንቧ መስመሩ የት እንዳለፈ ይጣራ፤ ከማብሪያና ከቧንቧ ራስ ቀጥ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው መስመር አይነካ።

ስለ ሽታው የመጨረሻውን ልበል። ያ የረጠበ ፎጣ ሽታ በአብዛኛው የሚመጣው ሞራክሴላ ኦስሎኤንሲስ ከሚባል ባክቴሪያ ነው፤ መድረቅንም ተራ ማጠብንም የሚችል ነው። ማሞቂያው እንዳይራባ ያደርገዋል፣ አስቀድሞ የገባውን ግን አያጠፋውም። ስለዚህ ማሞቂያው በተገጠመ ዕለት ያሉትን ፎጣዎች በሙሉ ከ60 ዲግሪ በላይ በሆነ ውሃ አጥበው ፀሐይ በወጣችበት ቀን ያድርቋቸው። ማለስለሻ ፈሳሽ አይጨምሩባቸው፤ ጨርቁ ውሃ መሳቡን ይቀንሰዋል። እህትዎ የግድ አንድ ነገር ላምጣ ካለች ስስ የጥጥ ፎጣ ታምጣልዎ። 70 በ140 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎጣ በካሬ ሜትር 600 ግራም ከሆነ ወደ 590 ግራም ይመዝናል፣ 400 ግራም ከሆነ ደግሞ 390፤ ስሱ የሚይዘው ውሃ ያነሰ ነው፣ ማሞቂያው ላይ የሚቆየውም አጭር ጊዜ ነው።